ከባሕር ዳር ሆኖ የሰደድ እሳት ጭስን በሳተላይት መከታተል

ጥር ወይ የካቲት ላይ ከጣና ዳር ቆማችሁ ዘጌ ደብዝዛ ከታየቻችሁ፣ ወይም ጭራሽ ከጠፋች፣ አየሩ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ጭስ ሊሆን ይችላል። አቧራም ሊሆን ይችላል። የከተማው የራሱ ማገዶና ከሰልም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ስልኩን ያወጣና የእሳት ካርታ ይከፍታል። ከዚያ መተማና ቋራ፣ በለስና መተከል ላይ ቀይ ነጥብ እንደ ኩፍኝ ፈሶ ሲያይ «በቃ፣ ጭሱ የመጣው ከዚያ ነው» ብሎ ይደመድማል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በበጋ ወራት እዚህ አካባቢ ዝቅ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ በአመዛኙ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ስለዚህ ከእኛ በስተምዕራብ ያለው የቆላው ጭስ በብዙ ቀናት የሚሄደው ወደ ሱዳን ነው። ወደ እኛ የሚዞርባቸው ቀናት አሉ፣ ግን እነሱን ከሌሎቹ ለመለየት ከቀይ ነጥብ በላይ ነገር ያስፈልጋል፤ የጭሱን ቅርጽ፣ ምስሉ የተነሳበትን ሰዓት፣ ነፋሱንና ከሁሉም በላይ ከፍታውን አንድ ላይ ማየት አለባችሁ።

ከታች ያለው እኔ የምከተለው አካሄድ ነው። ሁሉም ነጻ ነው፣ አብዛኛው ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም። በስልክም ይሠራል፣ ግን ላፕቶፕ ካለ ላፕቶፕ ይሻላል። ምስሎቹ ከባድ ናቸው፣ ፓኬጅ ይበላሉ። የድረ ገጾቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ብትፈልጉ ወዲያው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ

የሳተላይት መረጃ ሰዓቱ በዩቲሲ (UTC)፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ወደ እኛ ለመቀየር አቋራጭ አለ፦ ከዩቲሲው 3 ቀንሱ። 10:30 ካለ በእኛ ከቀኑ 7:30 ነው። መልሱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት፤ 22:30 የሚለው 19:30 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከሌሊቱ 7:30 ነው። ዩቲሲው ከ3 ካነሰ መጀመሪያ 12 ደምሩና ከዚያ ቀንሱ።

ቀኑም የሚያወዛግብ ነገር አለው። በእኛ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ የታየ እሳት እነሱ ጋ ገና በትናንቱ ቀን ነው የሚመዘገበው። ካርታዎቹ የሚሠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የቀን መቀየሪያ አጠገባችሁ ይኑር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን «ጭሱ የመጣው ከእሳቱ በፊት ነው» የሚል አስቂኝ ውጤት ላይ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ሰዓት ነው።

የቀኑን ምስል መክፈት

የናሳን ወርልድቪው (Worldview) ክፈቱ፣ የየቀኑን የሳተላይት ምስል የሚያሳይ ካርታ ነው። ካርታው ሲመጣ ጣናን ፈልጉና ቅረቡ። ሐይቁ ከጠፈር በደንብ ስለሚታይ የትም ብትጠፉ መመለሻችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ሌየር (ካርታው ላይ የሚደረብ የምስል ንብርብር) የሚጨመርበትን ቁልፍ ተጫኑና «ኮሬክትድ ሪፍሌክታንስ ትሩ ከለር» (Corrected Reflectance True Color)፣ ማለትም የእውነተኛ ቀለም ምስል የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ሳተላይቶች ተዘርዝረው ይመጣሉ። ኖአ-20 እና ኖአ-21ን ምረጡ። ሁለቱም ቪርስ (VIIRS) የሚባል ምስል ማንሻ መሣሪያ ተሸክመዋል፣ እዚህ የሚያልፉትም ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቴራና አኳ የሚባሉት የቀድሞዎቹ ሳተላይቶችም አሉ። ቴራ የተወነጨፈችው በ1999፣ አኳ ደግሞ በ2002 ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። አርጅተዋል፣ የሚያልፉበት ሰዓትም ከድሮው ተንሸራቷል፣ በዚያ ላይ በእኛ አካባቢ በሁለት ዙር መካከል የማይሸፍኑት ክፍት ቦታ ይተዋሉ። ለድሮ ምስል ጠቃሚ ናቸው፣ ለዛሬ ግን ቪርስን አስቀድሙ። የዛሬው ምስል ሳተላይቱ ካለፈ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው የሚጫነው። ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት ግድም ብታዩት ጥሩ ነው።

ጣናን ካያችሁ በኋላ ወደ ኋላ ራቁ። ከሱዳን ድንበር እስከ ቀይ ባሕር በአንድ ገጽ ይታያችሁ። ሰው ሁሉ የራሱን ሰፈር ለማየት ይቸኩላል፣ ጭስ ግን የሚነበበው ከሩቅ ነው።

ጭሱን ከሌላው መለየት

ደመና ነጭ ነው፣ ጠርዙ ይታወቃል፣ መሬት ላይ ጥላ ይጥላል። ጭስ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፣ ስስ ከሆነ ከሥሩ ያለውን መሬትም ያሳያል። እሳቱ አንድ ቦታ ከሆነ ጭሱ ከቀጭን መነሻ ይጀምርና ነፋሱ ወደሚሄድበት እየሰፋና እየሳሳ ይሄዳል። ቀጭኑ ጫፍ እሳቱ ያለበት ነው። ብዙ እሳት በአንድ ጊዜ ሲነድ ግን መስመሮቹ ይቀላቀሉና መነሻም መድረሻም የሌለው ስስ መጋረጃ ይሆናሉ። በቆላው የሚያጋጥማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ሣር የሚቃጠለው ለግጦሽም ለእርሻ ምንጣሮም ስለሆነ በአንድ ቀን በመቶ ቦታ ጭስ ይነሳል።

ጣና ራሱ ደግሞ ያሳስታል። ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ስለሚገቡ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ እምቦጩ በሰሜን ምሥራቅ በኩል አረንጓዴ ይቀባዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፀሐይ ውሃው ላይ አንጸባርቃ ሐይቁን በሙሉ ብር ታስመስለዋለች። ሦስቱንም «ጭስ ነው» ሲባሉ አይቻለሁ። መለያው ቀላል ነው። ዳርቻውን ተመልከቱ። ደለል፣ እምቦጭና ነጸብራቅ የውሃው ዳር ላይ ይቆማሉ። ጭስ ዳርቻ አያውቅም፣ ከውሃው ወደ መሬቱ ሳይቋረጥ ያልፋል።

አሁንም ካልለየላችሁ የሐሰት ቀለም የሚባለውን ሌየር ጨምሩ፤ ለቪርስ «ኤም11-አይ2-አይ1» ይባላል፣ ለቴራና ለአኳ «7-2-1»። ይህ ምስል በአመዛኙ የሚሠራው ዓይናችን በማያየው ረጅም የሞገድ ብርሃን ነው። የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያ ብርሃን አብዛኛውን ሰንጥቆት ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱን ሌየሮች እያበራችሁ እያጠፋችሁ አወዳድሩ። በመጀመሪያው ታይቶ በሁለተኛው የጠፋው ነገር ጭስ ነው። ደመና አይጠፋም። አቧራም ብናኙ ተለቅ ስለሚል እንዲህ ሙልጭ ብሎ አይጠፋም። የተቃጠለ መሬት ደግሞ ቀይ ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ ዘዴ አንድ ብቻ ያዙ ብባል የምይዘው ይህን ነው።

ቀይ ነጥቦቹ ምን ይላሉ፣ ምን አይሉም

ለእሳት ነጥብ የናሳ ፈርምስ (FIRMS) የሚባል የእሳት ካርታ አለ። ያለፉትን 24 ሰዓታት ምረጡና አንዱን ነጥብ ተጫኑ። የታየበት ሰዓት፣ የሳተላይቱ ስም፣ እርግጠኝነቱና የሙቀቱ ጉልበት በሜጋዋት ይመጣል። የቪርስ አንድ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ ቁራጭ ነው። ያ ሁሉ መሬት እየነደደ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ከውስጡ አንድ ጥግ ቢነድም ነጥቡ ይወጣል። ሳተላይቱ ሳያልፍ ነዶ የጠፋ እሳት ግን አይመዘገብም። በደመና ሥር ያለም እንዲሁ። የጋለ የፋብሪካ ጭስ ማውጫም አንዳንዴ እንደ እሳት ይቆጠራል።

ኅዳር 12ን አስቡ። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ልብስ ሁሉ ይሸታል። ካርታው ላይ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዷ እሳት ትንሽ ናት፣ ሰዓቷም ከሳተላይቱ ሰዓት ጋር ላይገጥም ይችላል። ነጥብ የለም ማለት ጭስ የለም ማለት አይደለም። ነጥብ አለ ማለትም ጭሱ እናንተ ጋ ይደርሳል ማለት አይደለም።

እንቅስቃሴውን ማየት

አንድ ምስል ጭሱ የት እንደነበረ እንጂ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አያሳይም። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው እዚያው ወርልድቪው ላይ ነው። ኖአ-20 እና ኖአ-21 የሚያልፉት ወደ 50 ደቂቃ በሚሆን ልዩነት ነው። ጭሱ ጥርት ያለ ጠርዝ ካለው በሁለቱ ምስሎች ላይ ያንኑ ጠርዝ ፈልጉና በማስመሪያው መሣሪያ ርቀቱን ለኩ። ለምሳሌ በ50 ደቂቃ 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው። ፓዊ ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር ወደ 110 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በዚያ ፍጥነት ጭሱ በቀጥታ ወደ እኛ ቢመጣ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። «ከሰዓት በኋላ የተነሳ ጭስ ማታ ደረሰ» ሲባል ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን በዚህ ስሌት ማጣራት ይቻላል።

ሁለተኛው ሜቴዎሳት ነው። ኢዩሜትሳት የሚባለው የአውሮፓ ድርጅት ኢዩሜትቪው (EUMETView) የሚል ገጽ አለው። እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ ላይ ሆነው ሁልጊዜ ያንኑ የምድር ገጽ ያያሉ። ለእኛ የሚመቸው በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለው የሕንድ ውቅያኖሱ ነው፣ በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካል። አዲሱ ሜቴዎሳት-12 በየ10 ደቂቃው ይልካል፣ ምስሉም የጠራ ነው፣ ግን ያለው ዜሮ ዲግሪ ላይ ስለሆነ ኢትዮጵያን ከጎን ነው የሚያያት። የፈለጋችሁትን ክፈቱና በተከታታይ አጫውቱት። ስስ ጭስ እኩለ ቀን ላይ አይታይም። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ብርሃኑ አግድም ስለሚመታው ይደምቃል።

ከፍታ፣ ማንም የማያነሳው ነገር

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሳተላይት የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው። ጭሱ ከመሬት 200 ሜትር ላይ ይሁን 3,000 ሜትር ላይ ፎቶው አይናገርም። ሰማዩ ተሸፍኖ እናንተ የምትተነፍሱት አየር ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ ነፋሱ በየከፍታው ይለያያል፤ መሬት አጠገብ ከምሥራቅ እየነፈሰ ከላይ ከምዕራብ ሊነፍስ ይችላል።

ነፋሱን ለማየት ኑልስኩል (earth.nullschool) ወይም ዊንዲ (Windy) የሚባሉትን የነፋስ ካርታዎች ክፈቱ። ሁለቱም ከፍታን የሚያስመርጡት በአየር ግፊት ነው፣ 850 ሄክቶፓስካል፣ 700፣ 500 እያሉ። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ሁሉ «ለጭስ 850ን ተመልከቱ» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፣ 850 ከባሕር ጠለል ወደ 1,500 ሜትር ላይ ነው። ባሕር ዳር ግን ያለችው 1,800 ሜትር ላይ ነው! እዚህ የመሬቱ ግፊት ራሱ ወደ 820 ሄክቶፓስካል ነው። ስለዚህ የ850 ካርታ ከተማችን ላይ የሚያሳየው ነፋስ ከመሬት በታች ያለ፣ ኮምፒውተሩ በስሌት የሞላው ነፋስ ነው። ለደጋው መሬት አጠገብ ያለውን ነፋስና 700ን ተመልከቱ፤ 700 ወደ 3,000 ሜትር ነው፣ ከእኛ በላይ 1,200 ሜትር ያህል ማለት ነው። ለመተማና ለበለስ ቆላ ግን 850 ይሠራል። እዚያ መሬቱ ዝቅ ያለ ነው።

ልዩነቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል። የቆላው ጭስ ጣና ለመድረስ አቅጣጫ ብቻ አይበቃውም፣ ሽቅብ መውጣትም አለበት። ቀን ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ ይነሳል፣ ጭሱም አብሮ ይወጣል። ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቆላው ውስጥ ታጭቆ ያድራል። በ850 ቆላው ላይ ወደ ሱዳን የሚነፍስ፣ በ700 ደግሞ ወደ እኛ የሚነፍስ ከሆነ፣ ከፍ ብሎ የወጣው ጭስ ብቻ ነው ወደ ጣና የሚመጣው፣ እሱም ከራሳችን በላይ ሊያልፍ ይችላል።

ሐይቁም የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ከውሃው ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። ይህን ትልልቆቹ ሞዴሎች (ነፋሱን የሚያሰሉት የኮምፒውተር ስሌቶች) በደንብ አይዙትም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ተኝቶ የምታዩት ስስ ጭጋግ ብዙውን ጊዜ የኛው የወጥ ቤት፣ የዳቦ ቤትና የጠላ ቤት ጭስ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋር ተዳምሮ ነው። 4 ሰዓት ሲሆን ከተበተነ መተከልን አትክሰሱ።

ወደ ኋላ መከተል

ጭሱ መጋረጃ ሆኖ መነሻው ከጠፋ የአየሩን ጉዞ የሚያሰላ ሃይስፕሊት (HYSPLIT) አለላችሁ። ኖአ የተባለው የአሜሪካ የአየር ጠባይና የውቅያኖስ ተቋም የሚያስተዳድረው ነጻ መሣሪያ ነው፣ ሪዲ (READY) በሚባለው ገጻቸው ላይ ታገኙታላችሁ። መልኩ የድሮ ነው፣ አያስፈራችሁ። ትራጀክተሪ (የአየሩ የጉዞ መስመር) የሚለውን ምረጡ። ቦታ ሲጠይቃችሁ 11.6 ሰሜን፣ 37.4 ምሥራቅ አስገቡ። አቅጣጫውን ባክዋርድ አድርጉ፣ ማለትም አየሩ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ይቁጠር። ሰዓቱ በዩቲሲ ነው። ርዝመቱን 24 ወይም 48 ሰዓት አድርጉት። ከፍታ ሦስት ስጡት፦ ከመሬት 200፣ 1,000 እና 2,000 ሜትር።

ሦስት መስመር ይወጣል። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ውጤቱን ማመን ይቻላል። ከተበታተኑ የሦስቱንም መንገድ ከፈርምስ ነጥቦች ጋር አስተያዩ፣ ሰዓቱንም ጭምር፤ መስመሩ እሳቱ ላይ ያለፈው እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ከሆነ ዋጋ የለውም። ሞዴሉ ተራራና ገደሉን አለስልሶ ስለሚያይ መስመሩን እንደ ሰፊ መንገድ ውሰዱት። «ከዚህ ቀበሌ ነው የመጣው» ለማለት አይበቃም።

ጭስ ወይስ አቧራ

የካቲትና መጋቢት ላይ ይህ ጥያቄ ይበዛል። እዚህ አየር ውስጥ ያለውን ጋዝና ብናኝ የሚለካው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲኔል-5ፒ ይረዳል፣ በኮፐርኒከስ ብራውዘር (Copernicus Browser) ታገኙታላችሁ። ሁለት ነገር አወዳድሩ። ኤሮሶል ኢንዴክስ የሚባለው ለጭስም ለአቧራም ይጨምራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚወጣው ከሚቃጠል ነገር ነው፣ አቧራ አያወጣውም። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጭስ ነው። ኢንዴክሱ ብቻ ከፍ ካለ አቧራን ጠርጥሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንዴክሱ መሬት አጠገብ የተኛ ጭስን በደንብ አያይም፣ ስለዚህ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ዊንዲ ላይ ያለው የፒኤም 2.5 (ወደ ሳንባ የሚገባ በጣም ደቃቅ ብናኝ) ቀለም የሚያምር ነው፣ ግን የሞዴል ግምት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይላል። ዊንዲ 40 አሳየ ብላችሁ ባሕር ዳር ላይ 40 ተለካ ብላችሁ ግን አትጻፉ።

እሳቱ ቅርብ ከሆነ መሬትን በቅርበት የሚያነሳ ሴንቲኔል-2 የሚባል ሳተላይት እዚያው ብራውዘር ላይ አለ። አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ስለሆነ የዘጌን ጫካ ከእርሻው ለይታችሁ ታያላችሁ። የሚያልፈው ግን በየጥቂት ቀኑ ነው፣ እሱም ወደ 5 ሰዓት ረፋድ ላይ። ለጭስ መከታተያ አይሆንም፣ ምን እንደተቃጠለ ለማየት ግን የሚያህለው የለም።

ለልምምድ

ዛሬ ጭስ ከሌለ በድሮ እሳት ተለማመዱ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥቶ ነበር። ወርልድቪውን ወደ ኤፕሪል 2019 መልሱት። ያኔ ኖአ-21 ገና አልተወነጨፈችም፣ ስለዚህ ኖአ-20ን፣ ቴራንና አኳን ተጠቀሙ። የእሳት ሌየሩን አብሩ፣ ከደባርቅ በስተሰሜን ምሥራቅ ፈልጉ፣ ቀን በቀን እያራመዳችሁ እውነተኛውን ቀለምና የሐሰት ቀለሙን አወዳድሩ። ቦታው ከባሕር ዳር ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፍታውን አትርሱ። እዚያ መሬቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ 700ም ከመሬት በታች ይገባል፣ ኑልስኩል ላይ 500ን፣ ሃይስፕሊት ላይ ደግሞ ከመሬት 500 ሜትር የተነሳ ወደ ፊት የሚሄድ መስመር ሞክሩ።

ያገኛችሁትን ለሰው ስታጋሩ ምስሉ ላይ የሳተላይቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት፣ ሰዓቱ የእኛ ይሁን የዩቲሲ ለይታችሁ። ወርልድቪው የሚሰጣችሁን ሊንክም አያይዙ፤ የከፈተው ሰው እናንተ ያያችሁትን ሌየርና ቀን እንዳለ ያገኘዋል።